ምን የሚታይ አለ?

እንጀራዬን የማገኘው የሰው ገንዘብ በመቁጠር ነው። ቀን ቀን በሐይቅ ከተማ ከአንድ ባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ብር እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ቤቴ ገብቼ ስንኝ እቆጥራለሁ። ሁለቱም ሥራ ጉድለት አይወድም። የቀኑ ሒሳብ አንድ ብር ቢጎድል እስኪገኝ ድረስ ከመሥሪያ ቤት መውጣት የለም፤ የማታው ስንኝ አንድ ቀለም ቢጎድልበት እንቅልፍ የለም። ዛሬ ለዚህ ገጽ አንባቢያን ይዤ የቀረብሁት ግን ግጥም ሳይሆን በዚያው መስኮት በኩል ተጠይቄ መመለስ ያቃተኝን አንድ ጥያቄ ነው።

ጠያቂዋ የሐይቅ ልጅ ናት። ሰባት ዓመት ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደቡ ከፈነዳ በኋላ ወደ አገሯ ተመልሳለች። ከእርሷ ይልቅ አስቀድሜ የማውቀው እናቷን ነበር። በየሁለት ወሩ ሻሻቸውን አስተካክለው ይመጣሉ፤ ልጃቸው የላከችውን ሐዋላ ሲቀበሉ መፈረም ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ በደረሰኙ ላይ የማሳርፈው እኔ ነበርሁ።

ወጣቷ የመጣችው ወረፋው ቀለል ባለበት የረፋድ ሰዓት ነው። ጉዳይዋን ጨርሳ አልሄደችም። ስልኳን አውጥታ ፎቶግራፍ አሳየችኝ፤ ሰማያዊ ባሕር፣ ከባሕሩ በላይ የቆሙ የድንጋይ ዓምዶች፣ ጣሪያው የጠፋ ግንብ። ቦታው ከቤይሩት በስተሰሜን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሜዲትራንያን ጠረፍ ላይ የሚገኘው ጁባይል ነው፤ የጥንቱ ቢብሎስ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ጌባል የሚባለው። አሠሪዎቿ ለሽርሽር ሲወጡ ይዘዋት ይሄዱ ነበር።

«በሰባት ዓመት ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ልጃቸውን ታቅፌ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ጋሼ፣ እዚያ ሰው ከዓለም ዳርቻ መጥቶ የፈረሰ ድንጋይ ከፍሎ ያያል። እኛ ጋ ምን የሚታይ አለ?»

«ሐይቁ አለ» አልኋት።

«ሐይቁንማ ውኃ ስቀዳበት ነው ያደግሁት።»

«እስጢፋኖስ አለ።»

ፈገግ አለች። «እሱማ ለእኔ አይሆንም፤ ሴት አይገባበትም።»

እስላም ነኝ አላለችኝም፤ ሴት ነኝ ብቻ አለችኝ። ቀጣዩ ባለ ጉዳይ ከኋላዋ ሲያስል እሷም «በል ደህና ዋል» ብላኝ ሄደች። የዚያን ዕለት ሒሳቤ ሳይጎድል ተዘጋ፤ እኔ ግን ጎደልሁ።

* * *

የሜዲትራንያንን የባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ «ሳያዩ እንዳይመለሱ» የሚለውን ዝርዝር ያውቀዋል። የቱርክን አንታልያ ብንወስድ፣ በ130 እ.ኤ.አ. የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ከተማዋን ሲጎበኝ መታሰቢያ የሆነው ባለ ሦስት ቅስት በር አለ። ራቅ ብሎ የጴርጌ ከተማ ፍርስራሽ አለ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ያለፈበት። በሁለተኛው መቶ ዓመት የተሠራው የአስፔንዶስ ቲያትር ደግሞ ዛሬም ኦፔራ ይታይበታል። ጎብኚው ግሪክኛ አያውቅም፤ ላቲንም አያውቅም። ግን ችግር የለበትም። ድንጋዩ ራሱ ይናገርለታል፤ ትልቅ ነው፣ አሮጌ ነው፣ ፀሐይ ሲጠልቅበት ያምራል።

በዚያ ቁና ሐይቅንና አምባሰልን ብንሰፍር ዝርዝሩ በአራት መስመር ያልቃል፦ አንድ ሐይቅ፣ አንድ ገዳም፣ አንድ መስክ፣ አንድ አምባ። ሐይቁ ውኃ ነው። የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ለዓይን ከሌላው አገር ቤተ ክርስቲያን ብዙ የተለየ አይመስልም። ውል የተፈረመበት መስክ ሣር ነው። አምባው ተራራ ነው። እንዲህ የተሰፈረ አገር ለልጁም ባዶ ሆኖ ይታየዋል።

የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። ሐይቅና አምባሰል በዓይን ብቻ አይጎበኙም፤ የሚነበቡና የሚደመጡ አገሮች ናቸው። ትልቁ ቅርሳቸው ቃል ነው። ቃል ደግሞ አንባቢና ተራኪ ካላገኘ አጠገቡ የቆመ ሰው እንኳ አያየውም። ስለዚህ የዚያችን ልጅ ጥያቄ የመመለስ ዕዳ ከአስጎብኚው ይልቅ የሚከብደው በእኛ በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ላይ ነው። ዕዳውን ባለመክፈላችን የሚጠፋው ደግሞ ተመልሶ የሚገኝ ነገር አይደለም። ይህን ለማሳየት አንባቢዬን በአራቱ ቦታዎች ላዙረው።

ከሐይቁ እንጀምር። ከደሴ በስተሰሜን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሐይቅ ከተማ የደረሰ መንገደኛ ከኮረብታዎቹ ሥር የተዘረጋውን ሎጎን ያያል። ዓሣ ጠብሰው የሚያበሉ አሉ፤ ነፋሱ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው በልቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይመለሳል። ውኃው ግን ተረት አለው። በድሮ ዘመን አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች ይላሉ። ፈጣሪም በግፉ ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውኃ አደረገው፤ ልዕልቲቱ ከነዘመዶቿ ሰጠመች። የተበደለችው ሴት የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ሳይሰጥም ደሴት ሆኖ ቀረ፤ እስጢፋኖስም የተተከለው በዚያ ላይ ነው። ይህን ተረት የሰማ ሰው ሐይቁን ዳግመኛ እንደ ተራ ውኃ አያየውም። ከቤይሩት ለተመለሰችው ልጅስ? በሰው ቤት ግፍን ያየች ሴት፣ አገሯ በተበደለች ሴት ዙሪያ እንደተሠራ ሲነገራት ምን ይሰማት ይሆን? እኔ ግን «ሐይቁ አለ» ብቻ አልኋት። ተረቱን ዋጥሁት።

ቀጥሎ እስጢፋኖስ። ደሴት የነበረው ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ ሄደው የሚደርሱበት ሆኗል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ታሪክ ጸሐፊዎች 1248 እ.ኤ.አ. በሚሉት ዘመን፣ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ዘንድ የተማሩት አባ ኢየሱስ ሞዐ እዚህ መጥተው ገዳምና ትምህርት ቤት አቆሙ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነበሩ። የገዳሙ አበምኔት «ዓቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ በነገሥታቱ ግቢ ትልቅ ስፍራ ነበረው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት የሐይቅን አበምኔቶች ከ1248 እስከ 1535 እ.ኤ.አ. ቆጥረው ያጠኑትን ጽሑፍ በ1970 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

የገዳሙ ትልቁ ነገር ግን አንድ መጽሐፍ ነው። በ1280/81 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጻፈ፣ ባለ ሥዕል የአራቱ ወንጌላት ብራና፤ «የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል» እየተባለ ይጠራል። የተጻፈበት ዘመን ከሚታወቅ የአገራችን ብራናዎች እጅግ ከቀደሙት አንዱ ነው። የአባታችን የኢየሱስ ሞዐ ሥዕል ራሱ በውስጡ አለ። በኅዳግና በባዶ ገጾች ላይ የመሬት ስጦታና የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተመዝግቦበታል። እኔ የመዝገብ ሰው ስለሆንሁ ነው መሰለኝ፣ ከሥዕሉ ይልቅ ይህ ዝርዝር ልቤን ይነካዋል። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት እዚህ ውኃ ዳር አንድ ሰው ተቀምጦ፣ መጻሕፍትን እንደ ገንዘብ ቆጥሮ፣ አንዱ እንዳይጎድል በጽሑፍ አሰፈረ። የሙያ ባልደረባዬ ነው እለዋለሁ።

እዚህ ላይ ወደ ልጂቱ ፎቶግራፍ ልመለስ። ቢብሎስ ለዓለም የታወቀችው በግንቧ ብቻ አይደለም። የግብፅ ደንገል ወደ ግሪኮች የሚሻገረው በእርሷ ወደብ ነበርና ግሪኮች ከተማዋንም ደንገሉንም በአንድ ስም ጠሩ፤ መጽሐፍ የሚለውም ቃላቸው ከዚያው ወጣ፤ ዛሬ ፈረንጆች «ባይብል» የሚሉት የዚያ ዘር ነው። በ1923 እ.ኤ.አ. ከመሬቷ ሥር የተገኘው የንጉሥ አሒራም የድንጋይ ሬሣ ሣጥን በፊንቄ ፊደል የተጻፈ ረዘም ያለ ጥንታዊ ጽሑፍ ተሸክሟል። የፊንቄ ፊደልና የእኛ ግዕዝ የተወለደበት የደቡብ ዓረቢያ ፊደል ደግሞ ከአንድ ጥንታዊ ሴማዊ ምንጭ የተቀዱ ወንድማማቾች ናቸው፤ አልፍ፣ ቤት፣ ገምል የሚሉት የፊደሎቻችን ስሞች የዚያ ዝምድና ምልክት ናቸው። እንግዲህ ልጂቱ ልጅ ታቅፋ የቆመችው መጽሐፍ ስሙን ባገኘበት ከተማ ነበር፤ የተወለደችውም መጽሐፍ ሰባት መቶ ዓመት በተጠበቀበት ሐይቅ ዳር ነው። ይህን የነገራት ሰው ግን በዚያም በዚህም አልነበረም።

ሴት አይገባበትም ላለችው መልስ አለኝ ወይ? የገዳሙን ሥርዓት ልተች አልተነሣሁም፤ ገዳም የራሱ ሕግ አለው፣ ሕጉም ሊከበር ይገባል። ነገር ግን የወንጌሉ ቅጂ በ1973 እ.ኤ.አ. ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ድርጅት አማካይነት ቁጥር 1832 ተሰጥቶት ተነሥቷል፤ የማይክሮፊልሙም ቅጂ በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ኮሌጅቪል በሚገኝ የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይለ ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚያ ቤት የእኛን ብራናዎች ሲያነቡና ሲዘግቡ ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. እስኪያርፉ ድረስ። ስለዚህ ሚኒሶታ ያለች ተማሪ የኢየሱስ ሞዐን ገጽ ልታይ ትችላለች። ሐይቅ ያለችው እናትና ልጅ ግን መኖሩንም አልሰሙም። ከገዳሙ ደጅ ውጭ፣ በከተማው አንድ ክፍል ውስጥ፣ የጥቂት ገጾች የፎቶግራፍ ቅጂ ከአማርኛ ማብራሪያ ጋር ቢሰቀል የሚጣስ ሥርዓት የለም። የሚጠይቀው ገንዘብም አንድ አዳራሽ ለማስመረቅ ከሚወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም።

* * *

ከሐይቅ ተነሥተን በወልድያ መንገድ ወደ ሰሜን ስንጓዝ የአምባሰል ምድር ይቀበለናል። ውጫሌ እንደርሳለን። ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የኢጣሊያው ልዑክ አንቶኔሊ ውሉን ተፈራረሙ። ለዓይን የቀረው ጥቂት ነው። ለጆሮ ግን እዚህ ቦታ አንድ ግሥ ተሰቅሎ ይኖራል። የአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ አማርኛ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ የኢጣሊያንኛው ግን ፈቃዱን ግዴታ አድርጎ አቀረበው። ኢጣሊያ በዚያ ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ከብዙ ደብዳቤና ክርክር በኋላ ነገሩ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ተቋጨ።

የትርጉምን ነገር አቅልሎ ለሚያይ ሰው ከውጫሌ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። በግሥ ምክንያት ሰው ሞቷል። የቃል ሰዎች ከሆንን ወደዚያ ሣር ሄደን ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ጮክ ብለን ማንበብ ይገባናል። ጎብኚውም ሣሩን አይቶ «ይኸው ነው?» ብሎ እንዳይመለስ፣ ሁለቱ አንቀጾች በትልቁ ተጽፈው ሊቀበሉት ይገባል። አስፔንዶስ በቲያትሯ ትኮራ፤ እኛ ግን አንዲት «ይቻላቸዋል» አለችን።

ከዚያ ግሸን። ደብረ ከርቤ፣ በተፈጥሮዋ የመስቀል ቅርጽ ያላት አምባ። በአፄ ዳዊት ዘመን ወደ አገራችን ገባ የሚባለውን ግማደ መስቀል ልጃቸው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚያ እንዳኖሩት መጽሐፈ ጤፉትና ትውፊቱ ይተርካሉ፤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምዕመናን አምባውን የሚወጡት ስለዚህ ነው። ይህንን አብዛኛው ሰው ያውቃል። ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ግን ግሸን ሌላም ገጽ አላት። በ1540 እ.ኤ.አ. በጦርነት እስክትጠፋ ድረስ የንጉሥ ልጆች በዙፋን እንዳይጣሉ ተዘግተው የሚኖሩባት ግዞት ነበረች። ዘርዐ ያዕቆብም ከመንገሣቸው በፊት በዚያ ነበሩ። እንግዲህ በስማቸው መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ የሚጠሩላቸው ደራሲ ንጉሥ ከዚህ አምባ ወርደው ነው ዙፋን ላይ የወጡት።

የአምባዋ ዜና በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን ባየው ፖርቱጋላዊ ቄስ በፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መጽሐፍ አማካይነት ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ወሬው ክንፍ አወጣ። ስፔናዊው ኡሬታ በ1610 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በተራራው ላይ ከዓለም የሚበልጥ ቤተ መጻሕፍት አለ ብሎ ጻፈ። ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. በወጣው ገነትን ስለ ማጣት በሚናገረው ታላቅ ግጥሙ ውስጥ የአማራን ተራራ ስም አነሣ። ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ በ1759 እ.ኤ.አ. «ራስላስ»ን አወጣ፤ የእናቱን የቀብር ወጪ ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጻፈው ይባላል። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውልናል።

የራስላስን ታሪክ አስቡት። በተራሮች የተዘጋ፣ መካከሉ ሐይቅ ያለበት፣ ምንም የማይጎድልበት ሸለቆ አለ። ወጣቱ መስፍን ግን ይሰለቻል። «ከዚህ ውጭ ምን አለ?» ብሎ ከእኅቱ ጋር ተራራውን ሰርስሮ ወደ ግብፅ ይወጣል። ዓለምን ያያል፤ ፍጹም ደስታን ግን አያገኝም። በመጨረሻም ወደ አቢሲኒያ ለመመለስ ይወስናሉ። ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቷት የማያውቀው እንግሊዛዊ፣ ከተራራና ከሐይቅ መካከል ተነሥታ ወደ ሜዲትራንያን ዳር የሄደችውንና የተመለሰችውን የእኔን ደንበኛ ታሪክ ከሁለት መቶ ስልሳ ዓመት በፊት ጽፎት አገኘሁት። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ራስላስ የወጣው ሁሉ ስለተትረፈረፈው ነበር፣ እሷ የወጣችው ስለጎደላት።

ኡሬታም ይገርመኛል። በሌለበት ተራራ ላይ ሕልም የመሰለ ቤተ መጻሕፍት ሠራ፤ እውነተኛው ዝርዝር፣ ትንሹና የተቆጠረው፣ በሐይቅ ደሴት ላይ በብራና ኅዳግ ተቀምጦ ሳለ። ሌላው ሰው ስለ እኛ ያልነበረውን ያያል፤ እኛ የነበረውን አናይም።

አራቱን ቦታ አዞርሁ፤ ነገር ግን አምባሰል ራሱ ይቀራል። ስሙ አምባና ማር ከሚል ከዓረብኛው «ዐሰል» የተገጠመ ነው የሚሉ አሉ። የሆነው ሆኖ ዓለም ሁሉ ሊቀናበት የሚገባ አንድ ነገር አለው። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ። በዜማ ስልት የተጠራ ተራራ ያላቸው አገሮች ስንት ናቸው? ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስታዜም የሰማ ሰው ተራራውን ሳያየው ወጥቶታል። በዚሁ ወሎ ከጃማ ንጉሥ፣ ከጌታና ከዳና የወጣው መንዙማም አለ፤ ዓረብኛውን ከአማርኛው አጋብቶ የሚያስለቅስ። የሐይቅ ምሽት የሁለቱንም ድምፅ ያውቃል። ይህ በየትኛውም «ሳያዩ እንዳይመለሱ» ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የማይታይ ነውና።

* * *

የሚቃወመኝ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ የገንዘብ ቤት ሰው ነኝና እኔም ብዙ ጊዜ እለዋለሁ። «ቃል እንጀራ አይሆንም። ሎጅ ይሠራ፣ መንገድ ይጠረግ፣ ጀልባ ይግባ፤ ሥራ አጡ ወጣት ዓረብ አገር ከመሄድ ይድናል።» እውነት ነው፤ ይሠራ። በመስኮቴ በኩል የሚያልፈው ሐዋላ ከየት እንደሚመጣና በማን ላብ እንደሚከፈል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን የሚነገረው ታሪክ የሌለው ሎጅ የትም ያለ ሎጅ ነው። ነፋስና ዓሣ ለማግኘት ሰው እዚህ ድረስ አይመጣም፤ ቢመጣም አንድ ቀን አድሮ ይሄዳል። ሁለተኛ ቀን የሚያቆየው ገና ያልሰማው ነገር እንዳለ ሲያውቅ ነው።

ሌላው ደግሞ «አሁን የጉብኝት ጊዜ ነው ወይ?» ይለኛል። ይህም ሚዛን ይደፋል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ሐይቅም ውጫሌም ደሴም ጦርነት አልፎባቸዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭትም ብዙ መንገደኛ ከመንገድ አስቀርቷል። ነገር ግን እኔን የሚያስቸኩለኝ ይኸው ነው። የቢብሎስ ድንጋይ ለብዙ መቶ ዓመታት ከአፈርና ከቤቶች ሥር ተኝቶ ኖረ፤ የረሳው ሰው አልጎዳውም። ከ1860 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆፋሪዎች መጡ፣ አነሡት፣ አራግፈው አቆሙት፤ ዛሬ ፎቶግራፍ ይነሣል። ቃል እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። አንድ ትውልድ ሳይናገረው ካለፈ የሚቆፈርበት መሬት የለም። ተረቱን የምታውቀው እናት ስታልፍ፣ አምባሰልን በማሲንቆ የሚያውቀው አዝማሪ ሲያልፍ፣ ብራናውን የሚያነብቡት አባት ሲያልፉ፣ ፍርስራሽ እንኳ አይተርፈንም። ሰው በተሰደደበትና ቤት በተዘጋበት ዘመን ደግሞ ይህ ማለፍ ይፈጥናል።

ስለዚህ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። የሐይቅና የአምባሰል መምህራን በዓመት አንድ ቀን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ውኃው ዳር ወርደው ተረቱን ያስተርኩ። የወንጌሉ ገጾች ቅጂ ሴትም ወንድም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በሚገባበት ክፍል ይሰቀል። ውጫሌ ላይ ሁለቱ አንቀጾች ይነበቡ። ስልክ ያለው ወጣት ሁሉ ከሚነሣው ፎቶግራፍ ጎን የአንዲት አያት ድምፅ ይቅዳ። እኛ የምንጽፍ ሰዎችም ስለ ሩቁ ባሕር ከመቃተት ለአንድ ጊዜ እንረፍ፤ እኔ ራሴ ያላየሁትን ባሕር ስንት ጊዜ በግጥም እንደጠራሁት ደብተሬ ይመስክር።

* * *

ልጂቱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከእናቷ ጋር ተመልሳ መጣች። ዕዳዬን ልክፈል ብዬ፣ የነፍሰ ጡሯንና የልዕልቲቱን ተረት በመስኮቱ በኩል አንድ በአንድ ተረክሁላት። ልጂቱ ዝም ብላ አዳመጠችኝ። እናቷ ግን ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ «ልጄ፣ እንዲህማ አይወራም። አበላሸኸው» አሉኝ።

ከዚያም ከመጀመሪያው ጀመሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ እኔ በሁለት ዐረፍተ ነገር የጨረስሁትን እሳቸው ከነስድቡ፣ ከነልቅሶው፣ ከነውኃው ድምፅ አመጡት። ወረፋው ቆመ። የቸኮለ ሰው ነበር፤ አልቸኮለም። ልጃቸው አፏን ይዛ እናቷን ታያለች፤ «እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻቸው። «መቼ ጠየቅሽኝ?» አሏት።

እኔ ጸሐፊ ነኝ ባዩ ልጽፈው ፈለግሁ። በእጄ የነበረው ግን በገመድ ከመደርደሪያው ጋር የታሰረው የባንኩ እስክሪብቶና የገንዘብ ማውጫ ቅጽ ብቻ ነበር። በቅጹ ጀርባ ጀመርሁት። ሲጨርሱ ግማሹን እንኳ አልያዝሁም፤ ለቀረው በሚመጣው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቤታቸው ለቡና ተጠርቻለሁ። ድምፅ መቅጃም ይዤ እሄዳለሁ። እንደ ልማዳቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ በደረሰኙ ላይ ሳሳርፍ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። መፈረም የማይችሉት እኚህ እናት መዝገብ ቤት ነበሩ፤ እኔ ለዓመታት በየሁለት ወሩ በራቸው ላይ ቀለም እየቀባሁ አንድ ቀን ሳልገባ ኖሬአለሁ።

ውድ አንባቢያን፣ በየሰፈራችሁ ያለውን በር አንኳኩ። እኔም እንደ ልማዴ በስንኝ ልሰናበታችሁ፦

ድንጋይስ ታጋሽ ነው፣ ሺህ ዓመት ይተኛል፣
ቆፋሪ ሲመጣ፣ አፈር ገፍቶ ይነሣል፤
ቃል ግን እንግዳ ነው፣ በአፍ ደጅ ያደረ፣
«ግባ» ያላሉት ለት፣ ሄደ፣ ተሰወረ።

ቸር እንሰንብት።